ዓይን የለሽ ሙታን በጅማ፦ በትንሽ ገንዘብ አስፈሪ አጭር ፊልም አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአማንዶ ዴ ኦሶሪዮ «ላ ኖቼ ዴል ቴሮር ሲዬጎ» (የዕውር ሽብር ሌሊት) በትንሽ ገንዘብ የተሠራ የስፔን ፊልም ነው። ከመቃብር ተነሥተው በፈረስ የሚጋልቡ የቴምፕላር ባላባቶችን፣ ማለትም የመካከለኛው ዘመን ተዋጊ መነኮሳትን ያሳያል። ዓይናቸውን ቁራ ስለበላው አያዩም፤ ሰው የሚያድኑት በጆሯቸው ነው። እስከ 1975 ድረስ ሦስት ተከታይ ፊልሞች ወጥተውለታል። እውነቱን ለመናገር ትወናው ይላላል፣ ታሪኩም እዚህም እዚያም ይንጠባጠባል። ሙታኑ ሲመጡ ግን ዛሬም ያስፈራሉ፤ የሚያስፈራው ደግሞ ሕጋቸው ነው እንጂ ገንዘብ የፈሰሰበት ትርዒት አይደለም። የማያይ ሙት አይሮጥም። ካልሮጠ ዝላይና ውድቀት የለም፣ ፊቱም ከመጋረጃ በስተኋላ እንዳለ ሆኖ በጨለማ ሊቀር ይችላል። የሚታደነው ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ተመልካቹም አብሮት ይይዛል።

ከዚህ በታች ያለው ያንን ሕግ ተውሶ ጅማ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ የሚሆን ፊልም በስልክ ካሜራ ለመቅረጽ ነው። ሰባት ሰው ይበቃል፦ ሁለት ተዋንያን፣ አራት ሙታን፣ አንድ ካሜራ የሚይዝ። ድምፅ የሚቀዳው ከሙታኑ መካከል በዚያ ሾት (ሳይቋረጥ በሚቀረጽ አንድ ምስል) የማይገባው ሰው ይሆናል።

ስክሪፕቱ

ከታሪኩ በፊት ሕጉን በአንድ ወረቀት ጻፉ፦ አያዩም፤ ሁሉን ይሰማሉ፤ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ አይቆሙም። ከዚያ ዝም ማለት የማይችል ሰው ፈልጉ። ሳል ያለበት የቡና ጣቢያ ዘበኛ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ስልኩን ማጥፋት የረሳ ባለባጃጅ ሊሆን ይችላል። በየትዕይንቱ ድምፅ የሚያወጣ አንድ ዕቃ ይኑር፦ ረከቦት ላይ የሚንቀጫቀጭ ሲኒ፣ ቆርቆሮ በር፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል። ዕቃው ድምፅ ከማውጣቱ ቢያንስ አንድ ትዕይንት ቀድሞ ይታይ፤ ተመልካቹ ሲኒውን ካየው በኋላ ዓይኑን አይነቅልበትም። ኦሶሪዮ ይህን ነገር መጨረሻው ድረስ ገፍቶታል፦ ሴቲቱ ጸጥ ብትልም ሙታኑ የልቧን ምት ሰምተው ይመጣሉ።

አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ ጸጥታ ለሚበዛበት ፊልም ግን ስድስት ገጽ ለዘጠኝ ደቂቃ ይበቃል። ንግግሩ ከ20 ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ተዋንያኑ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ከሆነ በዚያው ይናገሩ፣ ከታች አማርኛ ጻፉበት። ጅማ ውስጥ ሰው በአንድ ወሬ መሐል ሁለቱን ቋንቋ ሲቀያይር መስማት የተለመደ ስለሆነ እንዲያውም እውነት ይመስላል።

ቦታ

ኦሶሪዮ ማድሪድ አጠገብ ፔላዮስ ዴ ላ ፕሬሳ ያለውን የፈረሰ ገዳም ተጠቅሟል። እዚህ ግን እውነተኛ መቃብር ቦታ አትግቡ፣ የክርስቲያንም የሙስሊምም። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ የሰው ሐዘን ላይ መቀለድ ይሆናል፣ ጠቡም ከፊልሙ ይበልጣል። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ቅርስ ነው፤ ጭስና ቀለም ይዞ የሚገባበት ቦታ አይደለም።

የተሻለው ቦታ ሥራ ያቆመ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ከየካቲት ጀምሮ ገንዳዎቹ ባዶ ናቸው፣ የማድረቂያ አልጋዎቹም ሽቦና እንጨት ብቻ ሆነው ተሰልፈው ይቆማሉ። ከዝቅተኛ ቦታ ሲቀረጹ ሜዳ ሙሉ መቃብር ይመስላሉ፤ ይህን ለመሥራት አንድ ብር አይወጣም። የካቲትና መጋቢት ላይ ብትቀርጹ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ከባድ ዝናብም ታመልጣላችሁ። ሁለተኛው ምርጫ ጅምር ሕንፃ ነው፤ መከለያ የሌለው ደረጃና ፎቅ ላይ ግን ጭምብል ለብሶ መውጣት ክልክል ይሁን። የቦዬ ዳርቻ ለማለዳ ጭጋግ ያምራል፣ ግን ረግረግ ስለሆነ ረጅም ካባ ለለበሰ ሰው አይሆንም፤ ከሩቅ ብቻ ቅረጹት።

ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ፣ ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ አሳውቁ፣ ጎረቤቱን ደግሞ በአካል ሄዳችሁ ንገሩ። ቆብ የደፉ፣ ሰይፍ የያዙ አራት ሰዎች በሌሊት መንገድ ላይ ቢታዩ ማንም «ፊልም ነው» ብሎ አይጠብቅም። ሰይፉ ከእንጨት ይሁን፣ የብር ቀለም ተቀብቶ። ከቦታ ቦታ ስትንቀሳቀሱ ጭምብልና ካባ በከረጢት ይሁን።

ካባ

ለአንድ ካባ ከነቆቡ 5 ሜትር አቡጀዴ ግዙ። ሰፊ አድርጋችሁ ስፉት፤ ጠባብ ከሆነ የጎረምሳ ትከሻ ይታያል፣ ሙታኑም ወዲያው ሕያው ይሆናሉ። አዲስ አቡጀዴ ሙጫ ስላለበት ቀለም አይጠጣም፤ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ብዙዎች ይህን ዘለው ካባቸው ነጭ ሆኖ ይቀርባቸዋል፣ ነጭ ጨርቅ ደግሞ በሌሊት መብራት ካሜራ ላይ ከልክ በላይ ያበራል፤ ከእጥፋቱ አንዱም አይታይም።

ለማቅለሚያ ከየቡና ቤቱ የቡና አተላ ሰብስቡ። 1 ኪሎ እርጥብ አተላ በ10 ሊትር ውሃ አንድ ሰዓት ያህል አፍሉ፣ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩ፣ ካባውን አሳድሩበት። ስትዘፈዝፉት ጠቅልላችሁ በገመድ እሰሩት፤ እኩል የቀለመ ጨርቅ የተቀለመ ይመስላል እንጂ ያረጀ አይመስልም። ከደረቀ በኋላ ክርኑንና ጫፉን በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ ታችኛውን አንድ ክንድ ጭቃ አስነክሩ።

ጭምብል

ሰፍነግና ላቴክስ ጅማ ገበያ ውስጥ ፍለጋ አትድከሙ። ጋዜጣና የዱቄት ሙጫ ይሠራዋል። 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ በ4 ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ እስኪወፍር ሁለት ሦስት ደቂቃ አብስሉ። የጭንቅላት መጠን ያለው ፊኛ ንፉና ቫዝሊን ቀቡት፣ በፊት በኩል የተቀደደ ጋዜጣ በ4 ወይም 5 ድርብ ለጥፉ። ድርቡ እስኪደርቅ ሌላውን አትደርቡ። የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ በችኮላ የተደረበ ወረቀት ውስጡ ሻግቶ ይሸታል፣ ተዋናዩም ያንን ይተነፍሳል። ሙጫው ላይ ጨው መጨመር ሻጋታውን ያዘገየዋል።

የግንባርና የጉንጭ አጥንቱን በሰጋቱራና በኮላ ሊጥ አብጁ። ሰጋቱራ ለማግኘት የትኛውም እንጨት ቤት በር ላይ መቆም ይበቃል። ከዚያ የቁስል ፋሻ እኩል በውሃ በቀጠነ ኮላ ነክራችሁ እያጨማደዳችሁ አልብሱት፤ ሲደርቅ የደረቀ ቆዳ ይሆናል። ጥቁር ቡናማ ቀለም ቀቡና ሳይደርቅ በጨርቅ ጥረጉት፤ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል፣ ከፍ ያለው ቦታ አጥንት ይመስላል። አገጩ ላይ ጥቂት የቃጫ ክር ለጥፉ። የኦሶሪዮ ሙታን ሳሳ ያለ ጢም አላቸው፣ ያ ጢም ከራስ ቅሉ ይልቅ ያስፈራል።

የዓይን ጉድጓዱን ከውስጥ በጥቁር ቀለም በተነከረ አሮጌ አጎበር ሸፍኑ። ካሜራው ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ያያል፣ ተዋናዩ ደግሞ በቀን በደንብ፣ በሌሊት በጭንቅ ያያል። ስለዚህ በሌሊት ቀረጻ የሚሄድበትን እርምጃ በቀን ቆጥሮ ይለማመድ፤ በየሾቱ ማብቂያም አንድ ሰው ክንዱን ይያዘው። አፍንጫና አፉ ላይ ቀዳዳ ይኑር፣ ከሩብ ሰዓት በላይም አያጥልቀው።

ፊት ላይ በቀጥታ ለሚለጠፍ ቁስል ጄላቲን፣ ግሊሰሪንና ውሃ እኩል እኩል ቀላቅላችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡት፤ በእጅ አንጓ ሞክራችሁ ለብ ሲል ብቻ ቀቡት። ጄላቲን ከአሳማም ከከብትም ስለሚሠራ ማሸጊያውን አንብቡ። ፊቱ ላይ ምን እንደተለጠፈ ሙስሊም ተዋናይ መጠየቁ አይቀርም፣ መልሱን አስቀድማችሁ ያዙ።

ደም

2 ኩባያ ስኳር በ1 ኩባያ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሩ፣ በመጨረሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ካካዎ። ካካዎው ከሌለ ደሙ ጃም ይመስላል። ቀይ ሥር አትሞክሩ፤ ቀጭን ነው፣ ካሜራ ላይም ወይን ጠጅ ይሆናል። ይህ ደም አፍ ውስጥ መግባት ይችላል። ከቤት ውጭ በቀን ግን ንብ ይጠራል፣ በጅማ ደግሞ ንብ ሩቅ አይደለም። ለመሬትና ለልብስ የሚሆነውን ያለ ስኳር ሥሩ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ2 ኩባያ ውሃ አብስላችሁ ቀለሙን ጨምሩበት። ልብስ ላይ የሚፈሰው ውስጥ ትንሽ የፈሳሽ ሳሙና ካለ ኋላ በቀላሉ ይለቃል።

የሥጋ ቤት ሆድ ዕቃ በሌሊት ውጭ ይዞ መውጣት ሞኝነት ነው። ውሻ ይመጣል፣ ከከተማው ዳር ከሆናችሁ ጅብም ይመጣል።

ከመቃብር መነሣት

ሰው በአፈር አትቅበሩ፤ ደረቱ ላይ ያረፈ አፈር ትንፋሽ ይከለክላል። የቡና ገለባ ተጠቀሙ። በማድረቂያ አልጋዎቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ አዘጋጁ፣ ተዋናዩ ይተኛ፣ እስከ ደረቱ በአሮጌ አቡጀዴ ሸፍኑት፣ ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር ገለባ በትኑ። ለእጁ ጨርቁን ቅደዱ። ገለባው በጥቂቱ ይረጠብ፤ ደረቁ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ፊቱ የሚታይበትን ሾት ለብቻ ቅረጹ እንጂ ጭንቅላቱን አትሸፍኑ።

የሚገፋው የድንጋይ ክዳን ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ስታይሮፎም ይሠራል። ስስ ኮምፔርሳቶ ላይ በኮላ ለጥፉት፣ ጫፉን በቢላ ሸርፉ፣ አመድና አሸዋ በተቀላቀለበት ውሃማ የግድግዳ ቀለም ቀቡት። በቆርቆሮ የሚረጨው ስፕሬይ ስታይሮፎሙን ያቀልጠዋል። ክዳኑ ቀላል ስለሆነ ተዋናዩ በሁለት እጁ እየተንቀጠቀጠ ቀስ ብሎ ይግፋው፤ በአንድ እጅ ከተወረወረ ሁሉም ነገር ያበቃል።

ጭሱን በዕጣን ወይም በእርጥብ ቅጠል በከሰል ላይ ሥሩ፣ ውጭ ብቻ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ሽታ በሌለው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ለአንድ ሾት ተብሎም አይደረግ።

ካሜራና ብርሃን

የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይጠፋል ይበራል። ስልኩን በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ላይ አድርጉት። ስልካችሁ 30 ፍሬም ብቻ ካለው ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 መቆለፍ ብልጭታውን ይከላከላል። የስልኩ የራሱ ካሜራ ይህን ካልፈቀደ እንደ ኦፕን ካሜራ ወይም ብላክማጂክ ካሜራ ያለ ነፃ አፕ ጫኑ። ፎከስና ብርሃን ይቆለፍ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ800 አይለፍ፣ ስልኩ ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። ለአንድ ደቂቃ 1080 ቪዲዮ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት አስቡ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ አስቀድሞ ይሞላ።

ለሙታኑ ከፊት መብራት አትስጡ። አንድ ባለ ባትሪ ኤልኢዲ ከኋላቸው ወደ ጎን፣ 2 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ ጭሱ በመሃል። ቆብና ትከሻ በጠርዝ ብቻ ይታያል፣ ጋዜጣው ጋዜጣ መሆኑ አይታወቅም። የብዙዎቹን ርካሽ ፊልሞች ገመና የሚያወጣው ይህ የፊት መብራት ነው።

ሰፊ ሜዳን በሌሊት ለማብራት አቅም የለም፤ ስለዚህ በቀን ቀርጻችሁ ሌሊት አስመስሉት። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ፀሐይዋን ከተዋናዩ ኋላ አድርጉ፣ ብርሃኑን በሁለት ደረጃ (ኢቪ -2) ቀንሱ፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሙቀት ማስተካከያው) 3200 ላይ ይሁን። ሰማይ ፍሬም ውስጥ አይግባ። የደመና ቀን ለዚህ አይሆንም፤ ጥላ ስለሌለ ሌሊት ሳይሆን የከሸፈ ቀን ይመስላል።

አራት ካባ አሥራ ሁለት ሙት ለማድረግ ስልኩን መቆሚያ ላይ አጥብቃችሁ ሳትነኩት አራቱን በግራ፣ ከዚያ በመሃል፣ ከዚያ በቀኝ አቁማችሁ ቅረጹ፤ ኤዲቲንግ ላይ ሦስቱ በማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ በሚያስቀር መሣሪያ) ይገጥማሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ፣ ጥላ ይዞራል። ማንም የራሱን ድንበር አይለፍ። ጭስም በዚህ ሾት አይኑር፤ መገጣጠሚያው ላይ ሲደርስ እንደ ቢላ ይቆረጣል።

ፈረሱ

የኦሶሪዮ ፈረሰኞች የሚታወሱት በዝግታ እንቅስቃሴ ስለተቀረጹ ነው። በሴኮንድ 120 ፍሬም የተቀረጸ በ25 ሲታይ 5 ሴኮንዱ 24 ሴኮንድ ይሆናል። ይህን በፀሐይ ብርሃን ብቻ ሥሩ፤ በአምፖል ሥር 120 ፍሬም ሥዕሉን ያርገበግበዋል።

የጋሪ ፈረስ መከራየት ይቻላል፣ ግን ጋሪ የለመደ ፈረስ ሁሉ ሰው ጀርባው ላይ አይቀበልም፣ የሚወዛወዝ ጨርቅም ያስደነግጠዋል። ባለቤቱ አብሮ ይምጣ፣ ካባውን ፈረሱ አሽትቶ ይልመደው፣ ጭምብል የለበሰ ሰው ፊት ለፊት አይቅረበው። እንዲያውም የሚጋልበው ባለቤቱ ራሱ ይሁን፣ ካባውን ለብሶ፣ ያለ ጭምብል፣ ከኋላና ከጎን ብቻ ተቀርጾ። ሰኮና፣ የሚተነፍስ አፍንጫና ጋማ ለየብቻ ውሰዱ። አንዱ ፈረስ ከግራ ወደ ቀኝ አራት ጊዜ፣ በተለያየ ርቀት ካለፈ መንጋ ይሆናል። ቶሎ ቶሎ እረፍትና ውሃ ይሰጠው።

ድምፅ

ጊዜያችሁን ግማሹን ለዚህ አውሉ። ሙታኑ በጆሮ የሚያድኑ ከሆነ ተመልካቹም ያ ሙት የሚሰማውን መስማት አለበት።

መጀመሪያ ሰዓቱን ምረጡ። የንጋቱና የምሽቱ አዛን ከብዙ መስጊድ ይደራረባል፣ እሑድና በበዓላት ቀን የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ። ለንግግር ትዕይንት የሚሻለው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። በረመዳን ግን ሌሊቱም ሕያው ስለሆነ ቀረጻውን ከዚያ አውጡት። የአንገት ማይክ ሸሚዝ ውስጥ በሕክምና ፕላስተር ይለጠፍ፣ ጨርቅ እንዳይፈትገው። በየቦታው ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የቦታውን ባዶ ድምፅ 60 ሴኮንድ ቅዱ። ፊልም ውስጥ ጸጥታ ማለት ይህ ነው፤ ድምፁን ጨርሶ ብታጠፉት ተመልካቹ ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ከዚያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ድምፆች፦ ለመቃብሩ ክዳን መጁን በወፍጮው ላይ በደረቁ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፣ ማይኩን አንድ ስንዝር አቅርቡ፣ በኤዲቲንግ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ አውርዱ። ለካባ እርጥብ አቡጀዴ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ላይ ይጎተት። ለመገጣጠሚያ አጥንት ያልተቀቀለ ፓስታ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስበሩ። ለሰኮና ከእንጨት ቤት ሁለት ቁራጭ ጠንካራ እንጨት፣ አፈር በሞላበት ሳህን ላይ፤ ድምፁ በዝግታ ከተቀረጸው ምስል ጋር እግር በእግር መግጠም የለበትም፣ እንዲያውም ባይገጥም ይሻላል። የልብ ምቱን በጋቢ በተጠቀለለ ቡጢ ፍራሽ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ምቱ፤ በደቂቃ ከ60 ጀምሮ ወደ 110 ይውጣ፣ ድምፁ ግን አይጨምር።

የሙታኑን ዜማ በተመለከተ፣ የኦሶሪዮ ፊልም ሙዚቃ የአንቶን ጋርሲያ አብሪል ነው፣ ባለመብትም አለው፤ ቆርጣችሁ አትለጥፉ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ መንዙማ ወይም አዛን ደግሞ በጭራቅ አፍ አይገባም። አራት ወንዶች አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ አፋቸውን ዘግተው ለአንድ ደቂቃ ይያዙ፣ አንድ በአንድ ቅዱአቸው። እያንዳንዱን ወደ 60 በመቶ ፍጥነት አውርዱ፣ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ልዩነት ደርቡ፣ ማስተጋቢያ ጨምሩ።

መቁረጥና ማውጣት

ለስልክ ካፕከት የሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ አፕ ይበቃል፤ ጥሩ ኮምፒውተር ካለ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ ይገኛል፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ግን ይታነቃል። የሙታኑን ሾት ከ4 ሴኮንድ በታች አትቁረጡ፤ ፈጥኖ የሚቆረጥ ዘገምተኛ ሙት ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። ሙት ከታየ በኋላ ቀጣዩ ሾት የሚያዳምጥ ሰው ፊት ይሁን። ቀለሙን ወደ ግማሽ አደብዝዙ፣ ደሙ ብቻ ትንሽ ይቅር።

ከማውጣታችሁ በፊት ፊልሙን አንዴ በጆሮ ማዳመጫ፣ አንዴ በስልኩ ስፒከር ስሙ። ዝቅ ያለው ዜማና የልብ ምቱ በስልክ ስፒከር ጨርሶ ላይሰማ ይችላል፤ የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። እንዲህ ከሆነ የዜማውን አንድ ቅጂ ፍጥነቱን ሳታወርዱ በስሱ ደርቡበት፣ የልብ ምቱ ላይ ደግሞ በጣት የተመታ የካርቶን ድምፅ ጨምሩ። አዳራሽ ውስጥ የምታሳዩ ከሆነ ግን ያለ እነዚህ ሁለቱ ጭማሪዎች ሌላ ቅጂ አውጡ፤ በትልቅ ስፒከር የካርቶኑ ድምፅ ካርቶን መሆኑ ይሰማል።